ማኩላ ሲታመም ኢአርጂ ለምን «ደህና ነው» ይላል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ በዘር የሚተላለፉ የኮንና የማኩላ ሕመሞች ሲጠረጠሩ ስለሚታዘዙት የሬቲና የኤሌክትሪክ ምርመራዎች፣ በተለይም ሬቲና ለብርሃን የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ ስለሚመዘግበው ኢአርጂ። ሬቲና በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ነው፤ ማኩላ የሬቲናው መሃል ነው፤ ኮኖች በብርሃን ለማየትና ቀለም ለመለየት፣ ሮዶች በጨለማ ለማየት የሚያገለግሉ ህዋሳት ናቸው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አዋሕደን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 26 ነው። ሳነብ ከቃሉ መሃል ፊደል ይጠፋብኛል፤ የሰው ፊት ቀጥታ ሳየው ይደበዝዝብኛል። በጎን በኩል ግን ጥሩ አያለሁ፣ ማታም ያለ ችግር እንቀሳቀሳለሁ። ሐኪሜ ስታርጋርት የተባለውን በዘር የሚተላለፍ የማኩላ ሕመም ጠርጥሮ ኢአርጂ አዘዘልኝ። ውጤቱ «በመደበኛ ክልል ውስጥ ነው» ይላል። ሕመሙ የለብኝም ማለት ነው? ወይስ መሣሪያው ተሳስቷል?

መልስ፦ ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ከገለጻዎ እንደምንረዳው የተሠራልዎት ሙሉ መስክ ኢአርጂ ነው። በዚህ ምርመራ ታካሚው አገጩን አስደግፎ ጋንዝፌልድ ወደሚባል፣ ውስጡ ነጭ ወደሆነ ግማሽ ሉል ይመለከታል፤ ብልጭታው መላውን ሬቲና እኩል ያበራል። የሚመዘገበውም የሁሉም ህዋሳት ምላሽ ድምር ነው። በአንድ ዓይን ውስጥ ከ90 እስከ 120 ሚሊዮን ሮዶች፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ኮኖች አሉ። ለንባብና ፊት ለመለየት የሚያገለግለው የማኩላ እምብርት፣ ፎቪያ፣ ውስጥ ያሉት ኮኖች ግን 200,000 ገደማ ብቻ ናቸው። ትልቅ የመዘምራን ቡድን ሲዘምር ሁለት ሰዎች ዝም ቢሉ ከውጭ ለሚያዳምጥ እንደማይታወቀው፣ የፎቪያ ኮኖች ሁሉ ሥራ ቢያቆሙም ድምሩ ከመደበኛው ክልል ላይወጣ ይችላል። የማየት አቅም ወደ 1/10 ወርዶ ሙሉ መስክ ኢአርጂው ደህና የሚሆንባቸው ታካሚዎች አሉ። የሪፖርቱ «መደበኛ» ስለ ሬቲናው ጠቅላላ ሁኔታ እንጂ ስለ ማኩላዎ የተሰጠ ምስክርነት አይደለም።

ስለ ማኩላ የሚናገረው ፓተርን ኢአርጂ ነው። ታካሚው ጥቁርና ነጭ ካሬዎች በየጊዜው ቦታ የሚለዋወጡበትን ስክሪን ያያል። የብርሃኑ ጠቅላላ መጠን አይለወጥም፤ የሚለወጠው የካሬዎቹ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ምላሹ የሚመነጨው ስክሪኑ ከሚሸፍነው ማዕከላዊ ክፍል ነው፤ በመደበኛው አሠራር 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ምላሹ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። ፒ50 በ50 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኤን95 በ95 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ወደ ታች ይወርዳል። ማኩላ ሲታመም ፒ50 ያንሳል ወይም ይጠፋል። ፒ50 ደህና ሆኖ ኤን95 ብቻ ካነሰ ጥርጣሬው ምልክቱን ወደ አንጎል ወደሚያስተላልፉት ጋንግሊየን ህዋሳትና ወደ ዓይን ነርቭ ይዞራል። መሃል እይታው የደከመ ወጣት ዓይኑ ሲመረመር ጤናማ መስሎ በሚታይበት ጊዜ ይህ ልዩነት ብዙ ወራት ከሚፈጅ መንከራተት ያድናል።

በስታርጋርት ላይ ሁለቱ ምርመራዎች ተጣምረው ታካሚዎችን በሦስት ቡድን ይለያሉ። በመጀመሪያው ቡድን ፓተርን ኢአርጂው ተጎድቶ ሙሉ መስኩ ደህና ነው። በሁለተኛው ከማኩላው በተጨማሪ የመላው ሬቲና የኮን ምላሽ ቀንሷል። በሦስተኛው ሮዶችም ተነክተዋል። ክፍፍሉ ለመዝገብ ብቻ አይደለም። ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ያሉ ታካሚዎች በጊዜ ሂደት እየባሰባቸው የመሄድ ዕድላቸው ከፍተኛ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ያሉ ብዙዎች ለዓመታት የጎን እይታቸው ሳይነካ ይቆያሉ። የእርስዎ ውጤት እንዲህ ከተነበበ፣ ሕመሙ ቢኖርም እንኳ ደግ ዜና ነው።

ወደ ሐኪምዎ ሲመለሱ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ፓተርን ወይም መልቲፎካል ኢአርጂ (የማኩላውን ምላሽ በየቦታው ለይቶ የሚያሳይ) ተሠርቷል? የ30 ኸርዝ ፍሊከር (በሰከንድ 30 ጊዜ የሚደጋገም ብልጭታ) ምላሽ ጫፍ የሚደርስበት ጊዜ በቁጥር ስንት ነው፣ ለዕድሜዎስ የላብራቶሪው ወሰን ስንት ነው? ከስታርጋርት ጋር የተያያዘው የኤቢሲኤ4 ዘረ-መል ምርመራስ ይቻላል? ቁጥርና የሞገድ ሥዕል ሳያያይዝ «መደበኛ» የሚል አንድ ቃል ብቻ የያዘ ሪፖርት፣ በእኛ አመለካከት፣ ግማሽ ሪፖርት ነው።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ሳምንት ለኢአርጂ ቀጠሮ ተይዞልኛል። ምን ልዘጋጅ? ያማል?

መልስ፦ አያምም፤ ያሰለቻል እንጂ። ሁሉም ምርመራዎች በአንድ ቀን ከተሠሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ኩልም ሆነ ሌላ የዓይን መዋቢያ አይቀቡ፤ ኤሌክትሮድ በሚለጠፍበት ቆዳ ላይ ቅባት እንዳይኖር ፊትዎን ታጥበው ይሂዱ። የንባብም የርቀትም መነጽር ይያዙ፤ ለፓተርን ኢአርጂ ካሬዎቹ ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። በዚያው ቀን የዓይን ፎቶ ወይም ደማቅ ብርሃን ያለበት ሌላ ምርመራ ካለ ከኢአርጂው በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ ከተሠራ በተለመደ የክፍል ብርሃን ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ፓተርን ኢአርጂ ብሌን ሳይሰፋ ስለሚሠራ ይቀድማል። ከዚያ ማስፋፊያ ጠብታ ይደረግልዎትና ጨለማ ውስጥ 20 ደቂቃ ይቀመጣሉ፤ ሮዶች ሙሉ አቅማቸውን የሚያገኙት በዚህ ጊዜ ነው። በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ ደካማ፣ ቀጥሎ ጠንካራ ብልጭታዎች ይመጣሉ። በመጨረሻ የጋንዝፌልዱ ውስጥ በማያቋርጥ ብርሃን ይሞላና፣ ዓይንዎ ለ10 ደቂቃ ብርሃኑን ከለመደ በኋላ የኮኖች ተራ ይደርሳል። ስልክዎን ጨለማው ውስጥ አይክፈቱ፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ 20 ደቂቃው እንደገና ከዜሮ ሊቆጠር ይችላል። ማደንዘዣ ጠብታ ከተደረገልዎት ስሜቱ እስኪመለስ ዓይንዎን አይሹ፣ ኮርኒያዎን (የዓይንን የፊት ግልጽ ሽፋን) ሳይታወቅዎ ሊቧጭሩት ይችላሉና። ብሌንዎ ለሰዓታት ሰፍቶ ስለሚቆይ በዚያ ቀን መኪና አይንዱ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮፊዚዮሎጂ ክፍል ባለሙያ ነኝ። የኮን ዲስትሮፊ (ኮኖች እየተዳከሙ የሚሄዱበት ሕመም) የተጠረጠረባቸው ታካሚዎች ላይ የ30 ኸርዝ ፍሊከር ምላሽ ዝቅ ብሎ ሲመጣ፣ ሕመሙ ይሁን የእኔ አቀዳድ ለመለየት እቸገራለሁ። አንዳንዴ ቀኝና ግራ ዓይን በጣም ይለያያሉ። በዲቲኤል ክር ኤሌክትሮድ (ዓይንን በሚነካ ቀጭን ክር) ነው የምሠራው።

መልስ፦ ጥያቄው የምርመራው ሁሉ እምብርት ስለሆነ ረዘም አድርገን እንመልሳለን።

መጀመሪያ ከፍታንና ጊዜን ለየብቻ ያንብቡ። ክሩ ከቦታው ቢንሸራተት ወይም ቆዳው በደንብ ባይጸዳ ከፍታው ይቀንሳል፤ ጫፍ የሚደርስበት ጊዜ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ከፍታው ግማሽ ሆኖ ጊዜው ትክክለኛ ከሆነ በመጀመሪያ ኤሌክትሮዱን ይጠርጥሩ። ኤሌክትሮዱ ንጹሕ ሆኖ ነገሩ በድጋሚ ቅጂ ከጸና ደግሞ የሬቲናው አንድ ክፍል ብቻ ተጎድቶ የተረፈው ደህና የሚሠራበት ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ጊዜው በሁለቱም ዓይን ከዘገየ ግን ክር በማስተካከል የሚፈታ ነገር አይደለም፤ በመላው ሬቲና የተስፋፋ የኮን ሥርዓት ጉዳት ምልክት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብሌኑ በደንብ ካልሰፋ ወደ ሬቲና የሚደርሰው ብርሃን ስለሚያንስ ከፍታው ይወርዳል፣ ጊዜውም ይዘገያል፤ ከሕመም ጋር ፍጹም ይመሳሰላል። ስለዚህ የብሌኑን ስፋት በሚሊ ሜትር ከምርመራው በፊትም በኋላም ይመዝግቡ። ማስፋፊያው መሃል ላይ ለቅቆ የተሠራ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው በዚህ ቁጥር ነው።

የቀኝና የግራ ልዩነት በዲቲኤል ክር የተለመደ ነው። ክሩ የታችኛውን የዓይን ቆብ ጠርዝ ተከትሎ ኮርኒያን እየነካ ሲተኛ ምላሹ ትልቅ ነው፤ ታካሚው ሲያርገበግብ ከቆቡ ሥር ወዳለው ኪስ ሲገባ በጉልህ ያንሳል። ከእያንዳንዱ የብልጭታ ተከታታይ በፊት በደብዛዛ ቀይ ብርሃን የክሩን አቀማመጥ ይዩ። የትኛውን አቀማመጥ እንደሚመርጡ ከዓይን ዓይን፣ ከታካሚ ታካሚ አይለዋውጡ፤ የመደበኛ ወሰናችሁ የተሰበሰበው በዚያው አቀማመጥ መሆን አለበት። ከመጽሐፍ ወይም ከሌላ ላብራቶሪ የተቀዳ ወሰን አይሠራም። በተለይ ከታችኛው ቆብ ሥር በሚለጠፍ የቆዳ ኤሌክትሮድ የሚገኝ ምላሽ ኮርኒያን ከሚነካው በብዙ ያነሰ ስለሆነ፣ አንዱን በሌላው ወሰን መፍረድ ጤነኛውን ሰው ታማሚ ያደርጋል።

ማመሳከሪያው ኤሌክትሮድ በዚያው ዓይን የውጪ ጥግ አጠገብ፣ የመሬት ኤሌክትሮዱ ግንባር ላይ ይሁን። የቆዳ ኤሌክትሮዶቹ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ የሚያሳዩት ተቃውሞ) ከ5 ኪሎ ኦም ማለፍ የለበትም፤ በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት ካለ የመስመር ኤሌክትሪክ ጣልቃ ገብነት ይጎርፋል። ኤሌክትሪካችሁ 50 ኸርዝ ከሆነና ሞገዱ ላይ ጥርሳማ ንዝረት ካያችሁ መፍትሔው ኖች ማጣሪያ (የመስመሩን ድግግሞሽ ብቻ ቆርጦ የሚያወጣ) መክፈት አይደለም፤ የሞገዱን ቅርጽ ሊያዛባ ይችላል። የአልጋና የወንበር ሞተሮችን፣ ቻርጀሮችንና የሚንጫጩ አምፖሎችን ከሶኬት አውጡ፤ ገመዶቹን ሰብስባችሁ እሰሩ፤ ከዚያ ቆዳውን በማጽጃ ጄል ደግማችሁ አሹ። የማጣሪያው ክልል ቢያንስ ከ0.3 እስከ 300 ኸርዝ ይሁን።

ከዚያ የብርሃን ማላመጃው ጊዜ አለ። የመስኩ ብርሃን በካሬ ሜትር 30 ካንዴላ ሆኖ 10 ደቂቃ ሙሉ መቆየት አለበት። የኮን ምላሽ በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ እያደገ ይሄዳል፤ ወረፋ ረዝሞ በ3ኛው ደቂቃ የተቀዳ ፍሊከር ከእውነተኛው አንሶ ይታያል። ጨለማውም እንዲሁ ነው፤ 20 ደቂቃው ከተሸረፈ የሮድ ምላሽ ይጎድልና የኮን ዲስትሮፊ ብቻ የነበረው ታካሚ «ኮን-ሮድ» ተብሎ ይመዘገባል። ታካሚው በዚህ ስያሜ ስለ ነገ ሕይወቱ እንደሚወስን መርሳት የለብንም።

30 ኸርዝ የተመረጠበትን ምክንያት ማወቅም ለንባብ ይረዳል። ሮዶች ይህን ያህል የሚፈጥን ብልጭታ፣ በተለይ በብርሃን በተሞላ መስክ ውስጥ፣ ሊከተሉ አይችሉም፤ የቀረው ምላሽ የኮኖች ሥርዓት ነው። ስለዚህ ለማረጋገጫ በብርሃን በተሞላው መስክ የተቀዳውን ነጠላ ብልጭታ ከጎኑ ያስቀምጡ። ሁለቱም በአንድነት የቀነሱና የዘገዩ፣ በጨለማ የተቀዳው ደካማ ብልጭታ ደግሞ ደህና ከሆነ፣ የኮን ዲስትሮፊ ቅርጽ ይህ ነው። እያንዳንዱን ተከታታይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቅዱና አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ይዩ፤ የማይደጋገም ሞገድ ለሪፖርት አይበቃም።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጃችን ከጨቅላነቱ ጀምሮ ዓይኑ ይንቀጠቀጣል፣ ፀሐይ ላይ ዓይኑን አይገልጥም፣ ቀለም አይለይም። ኢአርጂ ምን ይነግረናል?

መልስ፦ የገለጻችሁት ምስል አክሮማቶፕሲያን ያስጠረጥራል፤ ኮኖች ከልደት ጀምሮ የማይሠሩበት ሁኔታ ነው። እንዲህ ከሆነ የ30 ኸርዝ ፍሊከሩ ጠፍጣፋ መስመር ይሆናል፣ በጨለማ የሚቀዳው የሮድ ምላሽ ግን ይኖራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለውጥ በሲኤንጂኤ3 ወይም በሲኤንጂቢ3 ዘረ-መል ላይ ነው። ወንድ ልጅ በመሆኑ በእናት በኩል የሚተላለፈው የሰማያዊ ኮን ሞኖክሮማሲም ይታሰባል፤ መደበኛው ምርመራ ላይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ በሰማያዊ ብልጭታ የሚሠራ ተጨማሪ ምርመራ ግን ይለያቸዋል።

አንድ ሌላ አማራጭ መነሳት አለበት፤ ኢአርጂ ብቻውን ዘረ-መሉን ሊጠቁም ከሚችልባቸው ጥቂት ሕመሞች አንዱ ስለሆነ። በኬሲኤንቪ2 ዘረ-መል ጉዳት የኮን ምላሽ ይቀንሳል፤ በጨለማ ደካማ ብልጭታ ሲሰጥ ምላሹ አንሶና ዘግይቶ ይመጣል፤ ብልጭታው ሲጠነክር ግን የቢ ሞገዱ (ወደ ላይ የሚወጣው ትልቁ የምላሹ ክፍል) በድንገት ከልክ በላይ ያድጋል። ይህ እንዲታይ ደካማውም ጠንካራውም ብልጭታ መቀዳት አለበት። ልጁ ሰለቸው ተብሎ ጠንካራው ብልጭታ ከተዘለለ ምልክቱ አብሮ ይቀራል።

በ4 ዓመት ልጅ ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከታችኛው ቆብ ሥር የሚለጠፍ የቆዳ ኤሌክትሮድ፣ የወላጅ ጭንና ትዕግሥት ይበቃሉ። ማስተኛ መድኃኒት ከተሰጠ ሪፖርቱ ላይ ስሙ ይጻፍ፤ አንዳንዶቹ የሞገዱን ከፍታና ጊዜ ይለውጣሉ። ልጁ የሚተባበረው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ከፍሊከሩ እንዲጀመር ጠይቁ፤ ለእናንተ ጥያቄ ትልቁን መልስ የያዘው እሱ ነው። የኮን ምላሹ ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ ከጊዜ በኋላ ይደገም፤ አክሮማቶፕሲያ በአብዛኛው ባለበት ይቆያል፣ የኮን ዲስትሮፊ ግን እየቀነሰ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የመልቲፎካል ኢአርጂዬ ላይ መሃሉ ሳይሆን ከመሃል ወደ ጎን ያለው ቦታ ነው የተጎዳው ተባለ። የማየው ጥቁር ነጥብ ግን መሃል ላይ ነው።

መልስ፦ ምናልባት ያየው ዓይንዎ ራሱ ወደ ጎን ዞሮ ይሆናል። በመልቲፎካል ኢአርጂ ስክሪኑ በ61 ወይም በ103 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በራሱ ቅደም ተከተል ይበራል ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩም የየቁራጩን ምላሽ ለይቶ ያወጣል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ታካሚው ከመሃሉ ምልክት ላይ ዓይኑን ካልነቀለ ነው። ፎቪያው የተጎዳ ሰው ግን ሳያውቀው በአጠገቡ ባለ ጤናማ ቦታ ማየትን ይለምዳል። ያን ጊዜ ካርታው በሙሉ ይንሸራተትና ጉድጓዱ ጎን ላይ ይታያል፤ አልፎ አልፎም መሃሉ ላይ ጤናማ የመሰለ ጫፍ ይቀመጣል።

ጥሩ ምልክት አለ፦ በጤናማ ዓይን የዓይን ነርቭ የሚወጣበት ጭፍን ነጥብ በካርታው ላይ በታወቀ ስፍራ ይደበዝዛል። እሱም ከስፍራው ከተነሳ የተንሸራተተው ካርታው ነው። ምርመራው ሲደገም ትንሹ መስቀል ቀርቶ ከአራቱ ማዕዘን የሚነሱና መሃል ላይ የሚገናኙ ረጃጅም መስመሮች ይደረጉልዎት፤ መሃሉን ባያዩትም መስመሮቹ የሚገናኙበትን ገምተው ይይዛሉ። በምርመራው ጊዜ ዓይንን በካሜራ መከታተልም የግድ ነው። ካርታውን ከኦሲቲ (የሬቲናን ንብርብሮች ከሚያሳየው) ምስልዎ ጋር አስተያይቶ ያላነበበ ሰው ፍርድ ላይ አይመኩ።

ጥያቄ፦ አባቴ ቤስት የተባለው በዘር የሚተላለፍ የማኩላ ሕመም አለበት። እኔ እይታዬ ጥሩ ነው፤ ለምን ኢአርጂ ቀርቶ ኢኦጂ ታዘዘልኝ?

መልስ፦ ሐኪምዎ ትክክል ናቸው። የቤስት ሕመም የሚመጣው በቤስት1 ዘረ-መል ለውጥ ነው፤ የሚታወከውም ከሬቲናው ሥር ያለው የቀለም ህዋሳት ሽፋን ነው። ኢአርጂ ይህን ሽፋን አይለካም። ኢኦጂ ግን ዓይንዎን በሁለት መብራቶች መካከል ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ በ15 ደቂቃ ጨለማና በ15 ደቂቃ ብርሃን ውስጥ የሽፋኑን ቮልቴጅ ለውጥ ይከታተላል። የብርሃኑ ከፍተኛ ነጥብ ለጨለማው ዝቅተኛ ነጥብ ሲካፈል የአርደን ሬሾ ይባላል። በጤናማ ሰው ወደ 2 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ በቤስት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 በታች ይሆናል፣ ዓይኑ ደህና በሚመስል የዘረ-መሉ ተሸካሚም ላይ ጭምር።

ሆኖም መላው ሬቲና የታመመበት ሰውም ሬሾው ይወርዳል። ስለዚህ ዝቅተኛ ሬሾ ለቤስት የሚመሰክረው ሙሉ መስክ ኢአርጂው ደህና ሲሆን ነው። ዓይንን በደንብ አለማዞርም ውጤቱን ያበላሻል፤ በየተራው መብራቱ ላይ ደርሰው ይቁሙ፣ አንገትዎን አያዙሩ።

ጥያቄ፦ ስታርጋርት እንዳለብኝ በዘረ-መል ምርመራ ተረጋግጧል። ኢአርጂውን በስንት ጊዜ ልድገመው? ዓይኔን ለማጠንከርስ ቪታሚን ኤ ልውሰድ?

መልስ፦ ቪታሚን ኤን በክኒን አይውሰዱ። የኤቢሲኤ4 ፕሮቲን ሥራ ከቪታሚን ኤ የሚመጣውን ውህድ ከብርሃን ተቀባይ ህዋሳት ውስጥ ማስወገድ ነው፤ እሱ ሲጎድል የቪታሚኑ ተረፈ ምርት ከሬቲናው ሥር እየተከማቸ ህዋሳቱን ይመርዛል። ተጨማሪ ቪታሚን ለዚሁ ክምችት ጥሬ ዕቃ ማቀበል ነው። ከተለመደው ምግብ የሚገኘው አያሰጋም፤ የተቀላቀሉ ቪታሚኖች ሲገዙ ግን ጀርባቸው ላይ «ቪታሚን ኤ» ወይም «ሬቲኖል» ይል እንደሆነ ያንብቡ።

ኢአርጂው በየዓመቱ መደገም አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ሙሉ ምርመራ መነሻ ሆኖ ይቀመጥ፤ ድጋሚው ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ፣ ወይም የማታ እይታዎ ወይም የጎን እይታዎ ከተለወጠ በዚያው ጊዜ ይሁን። በየጊዜው የሚደረገው ክትትል በኦሲቲና በሬቲና ምስል ይበቃል። ድጋሚው ሲሠራ በዚያው ላብራቶሪና በዚያው የኤሌክትሮድ ዓይነት ይሁን። ላብራቶሪ መቀየር ግድ ከሆነ የቀድሞውን የሞገድ ሥዕል፣ የብሌን ስፋቱንና የኤሌክትሮዱን ስም የያዘውን ገጽ ይዘው ይሂዱ።